ኒውትሪሽን ዲግሪ፦ ተምራ የጨረሰች ሰው ሪቪው (ከ5 3.5)

ዲፓርትመንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር "ሂውማን ኒውትሪሽን ልሙላ ወይ" የሚል ሜሴጅ ስለሚበዛብኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የተማርኩት ክልል ካሉት ግቢዎች በአንዱ ነው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም የምወቅሰውም አለኝ።

ሲጀመር ምግብ ዝግጅት አይደለም በናታችሁ። አክስቴ እስከዛሬ "ሆቴሉን መቼ ነው የምትከፍቺው" ትለኛለች። የምትማሩት ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ባዮስታት ምናምን ነው፣ ባዮኬሚስትሪው ላይ ክላሱ ግማሹ ያለቅሳል። ግን ወደ ራሳችን ማዕድ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ለምሳሌ ጤፍ ውስጥ ብረት ቢኖርም ፋይቴት የሚባለው ነገር ይይዘውና ሰውነት በደንብ አይወስደውም፣ ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቡናና ሻይም ከምግብ ጋር ሲሆኑ ብረቱን ይሻሙታል፣ ይሄን ቤት ስናገር "ከምሳ በኋላ ቡና ልትከለክይን ነው" ተብዬ ተጠልቻለሁ።

ምርጡ ነገር ጤና ጣቢያ የምንወጣበት ጊዜ ነበር። ሙዋክ የምንለውን የክንድ መለኪያ ታስራላችሁ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ከዛ ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ጫን ታደርጉና ስርጉዱ ከቀረ እብጠት አለ ማለት ነው። ከዛ የምግብ ፍላጎቱ እንዲታይ ፕላምፒናት (ለምግብ እጥረት የሚሰጥ የኦቾሎኒ ቅባት ነገር) ይቀምሳል፣ አንዷ ፓኬት 92 ግራም ሆና 500 ኪሎ ካሎሪ ናት፣ እምቢ ካለ ሌላ ነገር ባይታይበትም ወደ ቤት አይላክም፣ ተኝቶ ኤፍ 75 በሚባል የህክምና ወተት ይጀመርለታል። እናትየው ልጇ ፓኬቷን ይዞ ሲመጥ ስታይ ፊቷ የሚለወጠውን ነገር ሌክቸር ላይ አታገኙትም።

ወቀሳዬ ክሊኒካሉ ላይ ነው። የስኳርና የኩላሊት ታማሚ ዳይት በስላይድ አልፎ ሄደ፣ ዋርድ (ታማሚ የሚተኛበት ክፍል) ገብተን ከሐኪም ጋር አልሰራንም፣ የቆዳ ስብ መለኪያው ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎበት ተመረቅን። ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌርም ራሳችን በየላፕቶፓችን ነው የተማርነው።

ስራው ላይ ልንገራችሁ፣ ብዙው ኤንጂኦ ነው፣ ቦታውም አፋር፣ ሶማሌ፣ ቦረና እንጂ ቦሌ አይደለም። "ኒውትሪሽን ኦፊሰር" የሚለው ማስታወቂያ ነርስና ፐብሊክ ሄልዝም ስለሚቀበል ፉክክሩ ከነሱም ጋር ነው፣ በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የአሜሪካ እርዳታ ሲቆረጥ ደግሞ ብዙ ልጆች ኮንትራታቸው ተቋርጦ ቤት ገቡ። የሚያናድደው ችግሩ አልጠፋም እኮ፣ የሰቆጣ ቃልኪዳን የሚባለው የመንግስት ቃል በ2030 ከ2 ዓመት በታች ያሉ ህፃናትን መቀንጨር እናጠፋለን ብሎ ነው በ2015 የተፈረመው፣ የ2019ኙ ጥናት ግን ከ5 ዓመት በታች 37 በመቶው ቀንጭሯል ይላል። እና ስራው ሞልቷል፣ በጀቱ ነው የሌለው።

ከኤንጂኦ ውጪ ወረዳ ጤና ጽ/ቤት አለ፣ ደሞዙ ያው የመንግስት ነው። እንደ ፋፋ አይነት የህፃናት ምግብ ፋብሪካዎችም አሉ፣ እኔ ብሆን እዚህ ጋ ነበር የማተኩረው። የሆስፒታል ዳይቲሺያን (የታማሚ አመጋገብ የሚያወጣ ባለሙያ) ቦታ በጣም ጥቂት ነው። አሜሪካ ሄጄ እሰራለሁ የምትሉ ከ2024 ጀምሮ ለዳይቲሺያን ፈተና ለመቀመጥ ማስተርስ ግዴታ ስለሆነ ባችለሩ ብቻውን አያስገባችሁም።

ፊልድ የማያስጠላው፣ ቁጥር የማይፈራ ሰው ይሙላው። ግን ከመሙላታችሁ በፊት የዛን ግቢ 4ተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ ሆስፒታል አታችመንት ስንት ሳምንት እንደሆነና ዋርድ በእርግጥ ይገቡ እንደሆነ ጠይቁ፣ የዲፓርትመንቱን ኃላፊ አትጠይቁ፣ እሱማ ሁሉም አለ ነው የሚላችሁ 😅