ቆሞ ለሚከርም የሠራዊት ዋዝ የገዛሁት የባትሪ ማቋረጫ፦ ከአንድ ክረምት በኋላ

ጅማ ውስጥ አሮጌ የጦር መኪና ያለው ሰው መስከረም ሲጠባ የት እንደሚገኝ ይታወቃል፤ ባትሪውን ተሸክሞ ቻርጅ ቤት ደጃፍ ነው። የእኔው ዋዝ 469፣ የሶቪየት ሥሪት የጦር ጂፕ፣ ከሠራዊት በጨረታ ወጥቶ፣ በሌሎች እጅ አልፎ የደረሰኝ ነው። አልፎ አልፎ ወደ ሰቃ የቡና እርሻ ደርሶ ከመመለስ በቀር በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሞ ይከርማል። ባትሪውን ለማዳን የገዛሁት የኔጌቲቩ ጫፍ ላይ የሚታሰር፣ እንደ ቢላ ተነስቶ የሚወርድ ትንሽ ማቋረጫ ነው። ክረምቱን አብረን ስላሳለፍን አሁን ስለ እርሱ መናገር እችላለሁ።

ከመግዛቴ በፊት መኪናው ቆሞ ምን ያህል እንደሚበላ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ አስለካሁ። አለካኩ ቀላል ነው፦ ቁልፉ ይጠፋል፣ የኔጌቲቩ ገመድ ይነቀላል፣ በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ቴስተር በ10 አምፔር መለኪያው ይገባል። ውጤቱ 70 ሚሊአምፔር ሆነ። የሬዲዮኑ ቫልቮላ ሲነሳ ወደ 20 ወረደ፤ የቀረውም የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ሲፈታ ጠፋ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወደ ዲናሞው እንዳይመለስ የሚያግደው ዳዮድ እያሾለከ ነበር ማለት ነው። 70 ሚሊአምፔር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በቀን 1.7 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ አያያዝ በ18 ቀን ግማሹ ይሄዳል። ሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ባዶነትን አይወድም፤ 12.4 ቮልትና ከዚያ በታች ሆኖ በቆየ ቁጥር ሰልፌት ሳህኖቹ ላይ እየጠነከረ ይሄዳል፣ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ድሮ ይይዝ የነበረውን አይዝም።

አንድ ነገር ያናድደኛል። የሶቪየት ወታደራዊ መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ማቋረጫ ነበራቸው። የእኔ ዋዝ ላይ ግን አንድ የቀድሞ ባለቤት ነቅሎ ጥሎታል፤ የቀረው የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ማሰሩ የሻይ ሰዓት ያህል እንኳ አይፈጅም። ኔጌቲቩ ላይ መሆኑ ዋና ነገር ነው፤ በፖዘቲቩ በኩል ሲሠሩ መፍቻው የመኪናውን ብረት ከነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ክረምቱ ሲገባ ባትሪውን አስሞልቼ የማቋረጫውን ምላጭ አንስቼ ከመኪናው ለየሁት። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቴስተሩ 12.5 ቮልት አነበበ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ሳያንገራግር አዞረ። ያቺ የጎደለች ጥቂት ባትሪው በራሱ የሚያጣት ናት፤ በወር ጥቂት በመቶ ይወርዳል፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል። ማቋረጫ ይህን አያስቀርም፤ ስለዚህ መኪናው ከሁለት ወር በላይ የሚቆም ከሆነ መሃል ላይ ቻርጅ ያስፈልገዋል።

ዝናቡ ግን ዕቃውን ፈትኖታል። ነሐሴ ላይ ምላጩ የሚገባበት ጉንጭ አረንጓዴ ዝገት አበቀለ። በዓይን ቀላል ይመስላል፤ ሞተሪኖው ግን በሚነሳበት ጊዜ ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ ትንሿም ዝገት ጎልታ ትታያለች። ሞተሪኖው ሲያዞር የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በማቋረጫው ሁለት ጎን ስይዝ 0.4 ቮልት ጠፋ፤ አዲስ ሳለ 0.1 እንኳ አይሞላም ነበር። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ፣ ቫዝሊን ቀባሁት፤ ተመለሰ። ሻጩ ነሐስ ነው ቢልም ስፍጨው ከሥሩ ግራጫ ብረት ወጣ፤ ቅብ ነው። ለዚህ ነው ዳዶውን ከልክ በላይ ማጥበቅ የማያዋጣው፤ ይሰነጠቃል።

ምላጩ ሲነሳ ሬዲዮኑ ጣቢያዎቹንና ሰዓቱን መርሳቱ ምንም አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ምላጩን ማንሳት ግን አይሞከርም፤ የዲናሞው ቮልቴጅ ድንገት ይዘልና ዳዮዶቹን ይጨርሳል። መንዳት የሚማሩ ልጆች ያሉበት ቤት ይህ ቀድሞ ይነገር።

ጎረቤቴ «ለምን ትንሽ ሶላር አትገዛም?» ይለኛል። መኪናው ፀሐይ ላይ ቢውል ምክሩ ጥሩ ነበር። የ10 ዋት ሰሌዳ በጠራ ፀሐይ ግማሽ አምፔር ገደማ ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪ ከታከለበት የባትሪውን የራስ መውረድ ጭምር ይተካል። በቆርቆሮ ሥር፣ በጅማ ሐምሌ ግን ከንቱ ገንዘብ ነው።

24 ቮልት የሆኑ የጦር ካሚዮኖች ያላችሁ፣ ማቋረጫው መግባት ያለበት ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኘው ኔጌቲቭ ላይ ነው፤ በሁለቱ ባትሪዎች መካከል አይደለም። የ12 ቮልት ሬዲዮን ከአንዱ ባትሪ ብቻ የሚቀጥሉ አሉ፤ ያ ባትሪ እየተራበ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መቀየሪያ ይግዙ።

ይህንኑ ማቋረጫ ዳግም እገዛለሁ ወይ? ዓይነቱን አዎ፣ ይህኛውን አይደለም። ለዋዙ ጠንካራ ነሐስ የሆነ፣ መጠኑም ከፍ ያለ እየፈለግሁ ነው፤ እስኪገኝ ድረስ ይህኛው በየወሩ እየተጠረገ ይሠራል። የዲናሞውን ዳዮድ ማስቀየር ደግሞ ከጥር በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።