ይዞ ለመዞር የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል? ማክቡክ ኤር ኤም1፣ ቲንክፓድ ኤክስ280፣ ቲንክፓድ ቲ480 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ5

መገናኛና ቦሌ ካሉ ሱቆችም ሆነ ከቴሌግራም ቻናሎች በሚወጣ የ«ስላይትሊ ዩዝድ» ላፕቶፕ ማስታወቂያ ላይ «ባትሪው 6 ሰዓት ይቆያል» የምትል መስመር አትጠፋም። ስድስት ሰዓት ምን እየተሠራበት? ስክሪኑ ምን ያህል በርቶ? ባትሪው ስንት ዓመት አገልግሎ? ይህ ካልታወቀ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። እዚህ ጎን ለጎን የምናስቀምጣቸው ቦርሳ ውስጥ ገብተው ቀኑን ሙሉ ሊዞርባቸው ከሚችሉት መካከል አራቱን ሲሆን፣ አራቱም ያገለገሉ ሆነው በብዛት የሚገኙ ናቸው።

ሦስቱ የዊንዶውስ ማሽኖች በ2010 ዓ.ም. የወጡ ባለ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ኢንቴል ፕሮሰሰር ናቸው። ከዚያ በታች ያልወረድነው በምክንያት ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በማይክሮሶፍት ዝርዝር መሠረት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለ ኢንቴል አይቀበልም። ዘዴ ፈጥረው የሚጭኑ ቴክኒሻኖች አሉ፤ ትልቁ ዓመታዊ አፕዴት በመጣ ቁጥር ግን ወደ እነሱ መመለስ ነው። በዚያ ላይ 7ኛው ጀነሬሽን አይ5 «ዩ» ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ ነበረው፤ 8ኛው አራት ነው። የ7ኛ ጀነሬሽኑን ቲ470 ከቲ480 በመልክ መለየት ስለሚያስቸግር ተለጣፊውን አትመኑ። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ «8250ዩ» ወይም «8350ዩ» የሚል ስም መኖሩን አረጋግጡ። «7200ዩ» ወይም «7300ዩ» ካለ 7ኛ ጀነሬሽን ነው፤ በ8ኛ ዋጋ አይገዛም።

| | ኤር ኤም1 | ኤክስ280 | ቲ480 | 840 ጂ5 |
|---|---|---|---|---|
| ስክሪን | 13.3 ኢንች | 12.5 ኢንች | 14 ኢንች | 14 ኢንች |
| ክብደት | 1.29 ኪሎ | 1.2 ኪሎ ገደማ | ከ1.6 ኪሎ ገደማ ጀምሮ | ከ1.5 ኪሎ ገደማ ጀምሮ |
| አዲስ ባትሪ | 49.9 ዋት-ሰዓት | 48 ዋት-ሰዓት | 24 የውስጥ፣ ሲደመር 24፣ 48 ወይም 72 የኋላ | 50 ዋት-ሰዓት |
| ራም | ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ 8 ወይም 16 | ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ እስከ 16 | ሁለት ማስገቢያ | ሁለት ማስገቢያ |

ወደ ባትሪውና ወደ ዋጋው ከመሄዳችን በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው የሚያነሳው። የምትሠሩበት ሶፍትዌር ማክ ላይ ይሠራል? ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ ፒችትሪ የዊንዶውስ ብቻ ነው። ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። ሲቪል ምሕንድስና የምትማሩ ወይም የምትሠሩ ከሆነ ኢታብስና ሳፕ 2000፣ ካርታ ላይ የምትሠሩ ከሆነ አርክጂአይኤስ ዊንዶውስ ይፈልጋሉ። ድሮ በኢንቴል ማክ ላይ በቡት ካምፕ ዊንዶውስ መጫን ይቻል ነበር፤ ኤም1 ላይ ቡት ካምፕ የለም። ከእነዚህ አንዱ የዕለት ሥራችሁ ከሆነ ኤም1ን ከዝርዝራችሁ ሰርዙት፤ ባትሪው የቱንም ያህል ቢያምር።

አሁን ባትሪው። የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት-ሰዓት ነው፤ ላፕቶፑ በሚበላው ዋት ስታካፍሉት ሰዓቱ ይወጣል። ከ8ኛ ጀነሬሽን ማሽኖቹ አንዱ ላይ ጽሑፍ እየጻፋችሁ፣ ጥቂት ድረ ገጽ ከፍታችሁ፣ ስክሪኑን መካከለኛ ብርሃን ላይ ካደረጋችሁ ከ6 እስከ 8 ዋት ይበላል። በዙም ወይም በጉግል ሚት ስብሰባ ላይ ስትሆኑ 15 ዋትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ የኤክስ280 ባትሪ አዲስ ሳለ ለጽሑፍ ሥራ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ለስብሰባ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። አፕል ለኤም1 15 ሰዓት የድረ ገጽ አሰሳ ይቆያል ይላል፤ 49.9ን ለ15 ስታካፍሉት 3.3 ዋት ነው። ባትሪው ከኤክስ280 ባትሪ ጋር እኩያ ሆኖ ሳለ ዕድሜው እጥፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱ ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ፋን እንኳ የለውም።

ያ ሁሉ ግን ባትሪው አዲስ ሳለ ነው፤ ያገለገለ ስትገዙ ምን ያህል እንደቀረው መለካት አለባችሁ። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍታችሁ ፓወር-ሲ-ኤፍ-ጂ በአንድ ላይ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ከዚያ ባትሪ-ሪፖርት ሳይለያይ በእንግሊዝኛ ጻፉና ኤንተር በሉ። ሪፖርቱ የት ፎልደር እንደገባ ራሱ ይነግራችኋል፤ በብራውዘር ይከፈታል። ሁለት መስመር ብቻ ተመልከቱ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው 48,000፣ ሁለተኛው 33,600 ቢል 70 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው፤ በ7 ዋት ብታካፍሉት አምስት ሰዓት አይሞላም። ማስታወቂያው ላይ ካለው ይልቅ ይህ ነው የላፕቶፑ ሰዓት። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ባትሪ መቀየር እንደሚኖርባችሁ አስባችሁ ተደራደሩ።

ማክ ላይ ደግሞ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ የቀረውን መቶኛ ታያላችሁ፤ የሳይክል ቁጥሩን (ባትሪው ስንት ጊዜ ሞልቶ እንዳለቀ) በሲስተም ሪፖርት ውስጥ። አፕል ይህን ባትሪ ለ1,000 ሳይክል ነው የሠራው። 300 ሳይክልና 88 በመቶ ያለው ማሽን ጥሩ ነው። 900 ሳይክል ሆኖ 100 በመቶ የሚል ካያችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ቆም በሉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው አይሄዱም።

ቲ480 በዚህ ጨዋታ ብቻውን ነው። ሁለት ባትሪ አለው፦ አንዱ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሌላው ከሥር ባሉ ሁለት መቆለፊያዎች በጣት የሚወጣ። የኋላው መጀመሪያ ያልቃል፤ ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳታጠፉ አውጥታችሁ ሌላ ትሰካላችሁ፣ የውስጡ እስከዚያ ይይዘዋል። ባለ 72 ዋት-ሰዓቱን የኋላ ባትሪ ከገዛችሁለት በድምሩ 96 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ባትሪው አዲስ ከሆነ ለጽሑፍ ሥራ ከ12 ሰዓት በላይ ማለት ነው። መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ከአራቱ ሌላ የሚስተካከለው የለም። ዋጋውን የምትከፍሉት በክብደትና በቅርጽ ነው፦ ትልቁ ባትሪ ከሥር ስለሚወጣ ላፕቶፑ ከኋላ ቀና ይላል፣ ክብደቱም ከ1.7 ኪሎ ያልፋል። ብዙ ሻጮች ማሽኑን ትንሿን 24 ዋት-ሰዓት ባትሪ ገጥመው ነው የሚሸጡት፤ ያን ጊዜ ድምሩ 48 ስለሆነ ቲ480 መግዛታችሁ በባትሪ ረገድ ምንም አልጠቀማችሁም።

ገበያው ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጥ ኮፒ ባትሪም ሞልቷል። 72 የሚል ጽሑፍ ማተም ቀላል ነው። ገና የገባ ኮፒ ባትሪ ሪፖርቱ ላይ ሊያምር ይችላል፤ የሚጋለጠው አንዴ ከ100 ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ስትጠቀሙበት ነው። 40 በመቶ ላይ ሆኖ ድንገት ድርግም ካለ ውስጡ ያለው ሴል ደካማ ነው። ስለዚህ ባትሪ ስትገዙ የሁለትና የሦስት ቀን መመለሻ ቃል አስገቡ፣ ደረሰኙ ላይም ይጻፍ።

ፓወር ባንክ ለጨመረ ሰው፦ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚለው ቁጥር በ3.7 ቮልት ስለሆነ 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ በመቀያየር የሚጠፋው ሲቀነስ 60 ገደማ ይደርሳችኋል። ለኤም1 30 ዋት የሚሰጥ በቂ ነው። ለቲንክፓዶቹና ለ840 ግን በዩኤስቢ-ሲ 45 ዋትና ከዚያ በላይ የሚሰጥ ፈልጉ፤ ለስልክ የተሠራው ባለ 20 ዋት ፓወር ባንክ አብዛኛውን ጊዜ እነሱን ጭራሽ ቻርጅ አያደርግም።

መጠኑ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ኤክስ280 እና ኤም1 ሁለቱም ወርዳቸው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤም1 ግን በዚያው ስፋት ውስጥ ተለቅ ያለ ስክሪን ይዟል። የኤክስ280 ስክሪን ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር ጠርዝ የተከበበ ነው። 12.5 ኢንች ላይ ሙሉ ኤችዲ ስታበሩ ፊደሉ ስለሚያንስ ማጉያውን 125 በመቶ ላይ ማድረግ ይኖርባችኋል፤ ያን ጊዜ ኤክሴል ላይ የሚታየው ዓምድ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ለሚውል ሰው 14 ኢንች ይሻለዋል። 15.6 ኢንቹን ሆን ብለን ነው የተውነው፤ በታክሲ ተጋፍቶ ለሚሄድ ሰው አይሆንም፣ የቁጥር ኪቦርዱ የናፈቀው የሒሳብ ባለሙያም ለብቻው የሚሰካ ትንሽ የቁጥር ኪቦርድ ገዝቶ ይገላገላል።

ከኢንቹ ይልቅ የምታጣሩት ጥራቱን ነው። ከኤክስ280 እና ከቲ480 መካከል በ1366 በ768 የወጡ ርካሽ ስክሪን ያላቸው አሉ። ከጎን ስታዩት ቀለሙ የሚገለበጥ ከሆነ እሱ ነው፤ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ 1920 በ1080 መሆኑን አረጋግጡ። 840 ጂ5 ላይ ደግሞ ጎረቤት እንዳያይ የሚከልል ስክሪን የተገጠመላቸው አሉ። ለባንክ ሠራተኛ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ጓደኛችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ለማሳየት ግን አይመችም፣ ከጎን ይደበዝዛል። ቻርጀሩንም መዝኑ፦ ባለ 65 ዋቱ ከነገመዱ 300 ግራም ገደማ ነው፤ ኤም1 ግን በጥሩ የስልክ ቻርጀር ይሠራል። 840 ጂ5 በዩኤስቢ-ሲም በቀጭን ክብ ሶኬትም ቻርጅ ይደረጋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

ዋጋው በምንዛሪው ስለሚዋዥቅ የብር ቁጥር ብንጽፍ በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። ማየት ያለባችሁ ከተጠየቀው ላይ የሚጨመረውን ነው። ኤክስ280 ባለ 8 ጊጋ ራም ርካሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ ግን መቼም 16 አይሆንም። ለጥቂት ልዩነት ባለ 16ቱን ጠብቁ። ኤም1ም እንዲሁ ራሙም ስቶሬጁም አይቀየርም፤ ባለ 8 እና ባለ 256ቱ ለጽሑፍ፣ ለምርምር ወረቀትና ለቀላል ቪዲዮ ኤዲቲንግ ይበቃል። ቲ480 እና 840 ላይ ግን ባለ 8 ገዝታችሁ ገንዘብ ሲገኝ አንድ ባለ 8 ራም መጨመር ነው፤ ኤስኤስዲውንም መቀየር ትችላላችሁ። አሜሪካ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ኤም1 በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲወጣ 999 ዶላር ነበር፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ግን ዋልማርት አዲሱን በ699 ዶላር መሸጥ ጀምሯል። ሻጭ ያገለገለውን በ999 እየመነዘረ ከነገራችሁ ከዚህ ቁጥር ተነሱ። ዘመድ ሲመጣ ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ አውሮፕላን ላይ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ነው የሚገባው፤ ገደቡ ለአንዱ 100 ዋት-ሰዓት ስለሆነ የቲ480 ባለ 72ቱ ይፈቀዳል።

ብልሽቱን በተመለከተ ሁሉም የየራሱ አመል አለው። ቲ480 እና ኤክስ280 ቻርጅ የሚደረጉት በዩኤስቢ-ሲ ብቻ ነው፤ የተንደርቦልት ፈርምዌራቸው (ፖርቱን የሚቆጣጠረው የውስጥ ሶፍትዌር) ላይ በነበረ ስህተት ምክንያት ፖርቱ ከጊዜ በኋላ መሥራት የሚያቆምባቸው ነበሩ። የቲንክፓድ አምራች ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ግን ቀድሞ ያልተጫነበት ማሽን ሊገጥማችሁ ይችላል። ቻርጀሩን ሁለቱም ፖርት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ በአንዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ተዉት። ከገዛችሁ በኋላም ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚባለውን የኩባንያውን አፕ ጭናችሁ አፕዴቱን አስገቡ። ኤም1 ላይ የሚያስፈራው ስክሪኑ ነው። ክዳኑና ኪቦርዱ መሃል ቦታ የለም፤ የካሜራ መሸፈኛ ለጥፎ መዝጋት እንኳ ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ሲሰነጠቅም ከነክዳኑ ነው የሚቀየረው። የቲንክፓድ ስክሪን ግን ማንኛውም ቴክኒሻን የሚቀይረው ፓኔል ነው።

ቁልፍ የሚባል ነገርም አለ፣ ይህ ገንዘብ ያስቀልጣል። ቲንክፓድ ሲነሳ ኤፍ1ን፣ ኤችፒ (ኤሊትቡክ 840) ሲነሳ ኤፍ10ን ጫኑ፤ ፓስወርድ ከጠየቀ የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ አልወጣለትም፣ የቦርዱን ትንሽ ባትሪ በመንቀልም አይወጣም። ማክ ከሆነ ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ፣ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቶ እንደ አዲስ ያስነሳው። የሌላ ሰው አፕል አይዲ ወይም «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ ማሽኑ የሌላ ሰው ነው።

በመጨረሻ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከመጨረሳችሁ በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ስክሪኑን ግማሽ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ዩቲዩብ ለ20 ደቂቃ ክፈቱ። ባለ 48 ወይም ባለ 50 ዋት-ሰዓት ጤነኛ ባትሪ ከ10 በመቶ በላይ መውረድ የለበትም፤ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ከወረደ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስ።