አዲስ ቴፕ ሲገባ የፋብሪካው አምፕ (ድምፅ ማጉያው) ይቆይ ወይስ ይታለፍ?

የጄቢኤል ድምፅ ሲስተም ያለው ቶዮታ ላይ አንድሮይድ ስክሪን ልታስገቡ ካሰባችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው።

ማቆየቱ ይቀላል፣ ለመኪናው የሚሆነውን ሶኬት ገዝታችሁ ከቴፑ ኋላ አርሲኤውን (ድምፁን ወደ አምፑ የሚወስደውን ገመድ) ትሰኩና ነጭ መስመር ያለባትን ሰማያዊ ሽቦ ታገናኛላችሁ በቃ፣ የሚቆረጥ ነገር የለም። እቺን ሽቦ ግን እንዳትንቋት፣ አምፑን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። የኔን የሰራው ልጅ ረስቷት ስክሪኑ ቦግ ብሎ በርቶ ድምፅ ግን ጭጭ፣ ግማሽ ቀን የበር ስፒከር ስንፈታ ዋልን።

ማለፉ ደግሞ አምፑ ያለበት ድረስ ሄዶ (መቀመጫ ስር የሚቀበርበት መኪና አለ) የስፒከሮቹን ሽቦ በቀጥታ ከቴፑ ማገናኘት ነው። ጣጣው የፋብሪካ ስፒከር ብዙ ጊዜ 2 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነው፣ አብዛኛው ቴፕ ደግሞ ከ4 ኦም በታች አይወድም፣ ይግላል ሲብስም ይቃጠላል። የቴፑ ካርቶን ላይ 50 ዋት በ4 (ለአራቱም ስፒከር 50 50) የሚለው አያታልላችሁ፣ ለአንዱ ስፒከር ሳያቋርጥ የሚሰጠው ቢበዛ 20 ዋት አካባቢ ነው። ከአምፑ የሚሰራ ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) ካላችሁ እሱም ዝም ይላል።

እኔ አምፑ ራሱ ካልሞተ ወይ ስፒከሩም አብሮ ካልተቀየረ ማለፉን አልመክርም። አቆይታችሁት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ካስቸገራችሁ የቴፑን ስፒከር ሽቦ አምፑ ውስጥ ከተውት ይሆናል፣ በአርሲኤ አስቀይሩት።