ግሩነር ወይስ አሲርቲኮ? ነጭ ወይን ለምትጠይቁኝ ሁሉ

የምኖረው ቪየና ነው። ግብዣ በደረሰ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። "የቱን ነጭ ወይን ይዤ ልሂድ?" ነው ጥያቄው። ብዙዎቹ የሚያማርጡት የኦስትሪያውን ግሩነር ቬልትሊነርና የግሪኩን አሲርቲኮ ነው። እኔ ግሩነር እላለሁ፣ መጀመሪያ በዋጋው።

ደህና ግሩነር ከ7 እስከ 10 ዩሮ እገዛለሁ። ከግሪኳ ደሴት ከሳንቶሪኒ የሚመጣው እውነተኛው አሲርቲኮ ግን ከ30 ዩሮ በታች ብዙም አጋጥሞኝ አያውቅም። መወደዱ ይገባኛል። ደሴቷ ደረቅ ናት፣ አፈሩ የእሳተ ገሞራ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ኃይለኛ ስለሆነ ገበሬው ሐረጉን መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ጠምዝዞ ያሳድገውና ፍሬው እዚያ ውስጥ ተከልሎ ይበስላል። ምርቱ ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ መስኮት ላይ እንደ ሳንቶሪኒዎቹ ያለ ባለ ሰማያዊ ጉልላት ቤተ ክርስቲያን የተሳለበት ጠርሙስ አየሁ። 19 ዩሮ። ሳንቶሪኒ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ጀርባውን ሳነብ ወይኑ ከደሴቷ ሳይሆን ከየብሱ ግሪክ ነው። እሱስ ባልከፋ፣ እዚያም ጥሩ አሲርቲኮ ይበቅላል፣ ግን በ13 ዩሮ አገኘው ነበር። ስከፍተው ደግሞ ቀለሙ ጠጅ መስሏል፣ ሽታው ተቆርጦ የዋለ ፖም። ፀሐይ ላይ ከርሞ ተበላሽቷል። እንግዶቼ ብርጭቋቸውን ሳይነኩት ቀሩ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አሲርቲኮ ከመረጣችሁ ሥዕሉን ተዉት። "ሳንቶሪኒ" የሚለው የትውልድ ቦታ ስም መለያው ላይ መጻፉን እዩ። መስኮት ላይ የቆመ ጠርሙስ አትንኩ።

ግሩነር ላይ ግን ክዳኑን ብቻ እዩ። ቀይ ነጭ ቀይ ምልክት ካለው በመንግሥት ተመርምሮ ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ወይን ውስጥ ኬሚካል ሲጨምሩ የተያዙ ነጋዴዎች አገሪቱን ካሳፈሯት ወዲህ ሕጉ በጣም ጠብቋል። ዋኻው ከሚባለው የኦስትሪያ የወይን አካባቢ ከሆነ ደግሞ መለያው ላይ "ፌደርሽፒል" የሚለው ደረጃ ይበቃችኋል፤ "ስማራግድ" ከበድ ይላል፣ ዋጋውም ይዘላል።

ጣዕሙ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ቢጤ አለው። ከክክ አልጫና ከጎመን ጋር ሞክሩት። አሲርቲኮ ኮምጠጥ፣ ጨው ጨው ይላል፤ ለተጠበሰ ዓሣ ወደር የለውም፣ ቀይ ወጥ ላይ ግን አፍ ያቃጥላል።

ዓሣ ከሌለ በ30 ዩሮ ሦስት ጠርሙስ ግሩነር ይዛችሁ ሂዱ።