የኤድንብራ የመናፍስት ጉብኝት፦ የድልድዩ ምድር ቤቶች ወይስ ግሬይፍራየርስ?

በሃሎዊን (በጥቅምት መጨረሻ በሚከበረው የመናፍስት በዓል) ሰሞን የስኮትላንድን ዋና ከተማ ኤድንብራን የሚጎበኝ ሰው ከሚቀርቡለት የምሽት ጉብኝቶች መካከል ሁለቱ በተለይ ሊነጻጸሩ ይገባል።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1788 በተከፈተው የሳውዝ ብሪጅ ድልድይ ሥር ወደሚገኙት ምድር ቤቶች ይወስዳል። ድልድዩ 19 ቅስቶች ቢኖሩትም ዛሬ በግልጽ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ግራና ቀኝ በተሠሩ ሕንፃዎች ተሸፍነዋል። በምድር ቤቶቹ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጫማ ሰሪዎችና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ውኃው እየሰረገ ሲያስቸግራቸው ለቀው ወጡ፤ ድሆችም ገቡባቸው። ጠባብ ስፍራ ለሚያስጨንቀው ሰው አይመከርም።

ሁለተኛው የግሬይፍራየርስ መካነ መቃብር ሲሆን፣ በእኔ ግምት ታሪኩ እጅግ የከበደው እዚህ ነው። ንጉሡ በቤተ ክርስቲያናቸው ጉዳይ እንዳይገባ ሲታገሉ በ1679 በቦትዌል ብሪጅ ጦርነት ከተማረኩት ኮቨናንተሮች ከአንድ ሺህ የሚበልጡት ከመቃብሩ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ለወራት ታጉረው ብዙዎቹ አለቁ። እነርሱን አጥብቆ ያሳድድ የነበረው የንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ሰር ጆርጅ ማኬንዚ በ1691 ሲሞት ከዚያው እስር ቤት ብዙም ሳይርቅ መቀበሩ፣ መንፈሱ ጎብኚዎችን ይቧጭራል ከሚባለው ወሬ ይልቅ ያስገርማል። ግቢው ቀን ቀን በነፃ ይጎበኛል፤ የእስር ቤቱ በር ግን ተቆልፎ ስለሚውል ለማየት ከአስጎብኚ ጋር መግባት ግድ ነው። ጣሪያ ስለሌለው የጥቅምቱን ዝናብ የሚችል ካፖርት ያስፈልጋል።