ውሃ የሚሞላው ባትሪ ወይስ ደረቁ?

ሰንዳፋ አካባቢ ቤት ሠርተን ስንገባ መብራት ገና አልደረሰንም። ሶላር ገጠምን። እኔ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ የሚሞላውን ባትሪ ገዛሁ፤ ጎረቤቴ ደረቁን፣ ጄል የሚባለውን።

የእኔው ረከስ ይላል፣ ግን ሥራ ያበዛል። በየወሩ ክዳኖቹን ከፍቼ አያለሁ። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የጉድጓድ ውሃ አይሆንም፣ አሲድም አይጨመርም። ውስጥ ያሉት ፕሌቶች (የእርሳስ ሳህኖቹ) ከውሃው በላይ ካልተጋለጡ በቀር ውሃው የሚሞላው ቻርጁ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሜ ጢም አድርጌ ሞልቼው ገነፈለና አሲዱ ሱሪዬን በሳው። ቻርጅ ሲሆን ሃይድሮጅን ጋዝም ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አይገባም፤ የእኔው በረንዳ ላይ ነው።

የጎረቤቴ ውሃ አይጠይቅም፤ ቻርጅ ላይ ግን ቁጡ ነው። የእኔ ባለ 12 ቮልት እስከ 14.4፣ አንዳንዱም እስከ 14.8 ቮልት ይችላል። ጄሉ 14.2 አካባቢ ይበቃዋል። ከሶላሩ የሚመጣውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ላይ የባትሪውን ዓይነት ወደ ጄል ሳይቀይሩ ከተዉት ውስጡ ይደርቃል። የእኔን ውሃ ጨምሬ አተርፈዋለሁ፤ የእሱ አንዴ ከደረቀ አበቃ።

አዲስ ሲገዛ ሁለቱንም ጭነት ከመስጠት በፊት ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ማድረግ ነው። ቻርጃቸው ከግማሽ በታችም ባይወርድ ይመረጣል። ሐምሌ ላይ ፀሐይ ስትጠፋ ጎዶሎ ሆነው ቀናት ከቆዩ ፕሌቱ ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋገራል። ያኔ እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ልጆቹም ያኮርፋሉ።

ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው ደረቁን እመክራለሁ። እኔ ግን ክዳን መክፈቱን ለምጄዋለሁ።