ከሸዋ ሮቢት ለደብረ ብርሃኑ የቶርኖ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ በቀወትና በኤፍራታና ግድም በመስኖ ለምትሠሩ ወገኖቼ። ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ የፓምፓችንን ተጎታች ክሪክ ሲጠግኑ ያደረጉልንን ነገር በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ እንደ መብላት ነው የምቆጥረው። ተጎታች ላይ የተጫነ ፓምፕ፣ የውሃ ታንከር ወይም ጄኔሬተር ላላችሁም ይጠቅማችኋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የምናለማ ሰዎች በጋራ የምንጠቀምበት የናፍጣ ፓምፕ አለን። ፓምፑ የተቀመጠው ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ላይ ነው። ትራክተሩ ፈቶት ሲሄድ የተጎታቹ ፊት የሚያርፈው በእጅ በሚዞር ክሪክ ላይ ነው። ይሄ ክሪክ አረጀ። አዙረን ከፍ እናደርገዋለን፣ ሞተሩ ተነስቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቀስ እያለ ይወርዳል። ፊቱ ዝቅ ባለ ቁጥር የመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያ ይጣመምና አየር ይስባል። አየር የገባበት ፓምፕ ደግሞ ውሃ አያነሳም። ሽንኩርት ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሆነ ውሃ ሲዘገይበት አይታገስም፤ ራሱ መቋጠር በጀመረበት ሰዓት ከተጠማ ምርቱ ያንሳል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ፓምፑን የሚያስነሳው ልጅ ነበር። ክሪኩ ሲወርድበት ድንጋይ ለመደገፍ እጁን ከሥር ይሰዳል።

ክሪኩ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚወጣና የሚገባ ሁለት ቱቦ ነው። መፍትሔ ስንፈልግ አንድ ቦታ ውስጠኛውንና ውጪኛውን ቱቦ በብየዳ አንድ እናድርገው አሉን። እንዲያ ከሆነ ከፍም ዝቅም አይልም፤ ትራክተሩ ሲመጣ ጋንቾው ላይ በምን ይነሳል? ሌላ ቦታ አዲስ አሳዩን፤ ለጀልባ ተጎታች የተሠራ፣ ውሃ እንዳያዝገው ዚንክ የተቀባ፣ ከሥሩ ትንሽ ጎማ ያለው። ሲያዩት ያምራል፣ ዋጋውም እንደ መልኩ ነው። ከመግዛታችን በፊት አሮጌውን ፈተን፣ ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን ጋሼ ዘንድ ወሰድነው።

ጋሼ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ክሪኩን ሞርሳ ላይ አስረው በታተኑት። ከውስጡ የወጣውን ጥቁር ግራሶ በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደ ብርሃኑ ያዙልን። ጣታቸው ላይ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። «ክሪካችሁ ራሱን እየበላ ነው» አሉ። ከዚያ ዳዶውን አሳዩን። እጀታው ሲዞር ዘንጉ ይዞራል፤ ውስጠኛውን ቱቦ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዘንጉ ላይ የሚሄደው ዳዶ ነው። የኛ ዳዶ ጥርሱ ተበልቶ እንደ ምላጭ ሳስቷል። ከእጀታው ሥር ሆኖ ሸክሙን የሚቀበለው ኩሽኔታም ሲያዞሩት ይንኮሻኮሻል። ዘንጉን ግን ከላይ እስከ ታች በካሊፐር ለኩትና «ይሄ ገና ያገለግላል፣ ምን በወጣው ይጣላል!» አሉ። ውጪኛው ቱቦ ደግሞ ከተጎታቹ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ የብየዳው ጠርዝ ተሰንጥቋል። እኛ ቀለም ሸፍኖት አላየነውም ነበር። እሳቸው በብረት ብሩሽ ፍቀው አወጡት። «ይሄን በላዩ በይጄ ብመልስላችሁ ገንዘባችሁን ወሰድኩ እንጂ ችግራችሁን አልወሰድኩም» አሉን።

ሥራውን ቶሎ ጨርሰው ቢሸኙን ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ሸክሙን ሳላውቅ አልሠራም ብለው ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ብርድ ወደዚህ ሙቀት፣ ሽንኩርት ሊጭን በሚወርድ መኪና መጡልን። እኔ እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው። መጥተውም የሽንኩርት ሚዛናችንን አስመጡና ከተጎታቹ ፊት ሥር አስገብተው ምን ያህል እንደሚጫን መዘኑ። እንደነገሩን የፊቱ ሸክም ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ደግ ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ተጎታቹ መንገድ ላይ ይወዛወዛል፣ ሲበዛ ክሪኩንና ጋንቾውን ይገድላል። የኛ በጣም በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱን ወዲያው አዩት፤ ተጎታቹ ሲሠራ የናፍጣ በርሜል ማስቀመጫው ፊት ለፊት ነው የተበየደው። 200 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 170 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ማስቀመጫውን ቆርጠው ወደ ጎማዎቹ አስጠጉት። አዲስ ክሪክ ገዝተን ብንገጥም ኖሮ እሱም በዚያው በሽታ ይሞት ነበር ማለት ነው።

ዳዶውን ከብሮንዝ ቀርጸው አመጡልን። ከአሮጌው ረዘም ያለ ነው፣ ሸክሙን ብዙ ጥርስ እንዲካፈለው። የተራ ቡሎን ጥርስ ሹል ነው፤ የክሪክ ዘንግ ጥርስ ግን ወፈር ያለና ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፤ ጋሼ ዘንጉን ለክተው በዚያው ልክ አወጡት። ብሮንዝ ለምን እንደሆነም አስረዱን። ብረት ከብረት ሲፋተግ ሁለቱም ይበላሉ፤ ብሮንዙ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ዘንጉ ይተርፋል። ነገ ቢያልቅ የምንቀይረው ትንሹን ቁራሽ ነው። ኩሽኔታው ተቀየረ፣ የተሰነጠቀው ቱቦ በወፍራም ቱቦ ተተካ። ከሥሩም ጎማ ሳይሆን ሰፊ የላሜራ እግር አደረጉለት። ትንሽ ጎማ ለሲሚንቶ መሬት እንጂ ለወንዝ ዳር ለስላሳ አፈር አይሆንም፣ ይሰምጣል። ይሄን ስሰማ ያ የጀልባው ክሪክ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ቦታው ጥሩ ዕቃ ነው፣ እኛ ጋ ግን ጭቃ ውስጥ ይቀር ነበር።

ከገጠሙት በኋላ ተጎታቹን ከነሙሉ በርሜሉ ክሪኩ ላይ አሳርፈው፣ ውስጠኛው ቱቦ ከውጪኛው የሚወጣበት ላይ በጠመኔ አሰመሩ። ፓምፑ ተነሥቶ ሲሠራ አመሸ። ምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ሒሳቡን የተቀበሉት ይሄን ካዩ በኋላ ነው። የዕቃውንና የእጃቸውን ዋጋ ለይተው ጻፉልን፣ የወለቀውን ዳዶና ኩሽኔታም በጨርቅ ጠቅልለው መለሱልን። ድምሩ ለአዲሱ ክሪክ ከተጠየቅነው ሲሶ አይሞላም።

ፓምፑን ለሚያስነሳው ልጅም ለብቻው አስተማሩት። ተጎታቹን በክሪኩ ከማንሳቱ በፊት ሁለቱም ጎማ ሥር ድንጋይ ይጣድ። የክሪኩ ውስጠኛ ቱቦ በጨርቅ ተጠርጎ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው፤ አሸዋ ከገባ ግራሶው ራሱ ሞረድ ይሆናል። ከላይ ያለው ክዳን ከጠፋ ዝናብ በዚያ ይገባል፣ ቶሎ ይተካ። ትራክተሩ ሲጎትት ክሪኩ እስከ መጨረሻው ይነሳ፤ ግማሽ ወርዶ የቀረ ክሪክ ድንጋይ ሲመታው ነው ብየዳው የሚሰነጠቀው። ለብዙ ጊዜ የሚቆም ከሆነ ፊቱ ግንድ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በቆመ ነገር ሥር ደግሞ እጅም እግርም አይገባም፣ ይሄን ልጁን ሦስቴ አስደገሙት። «የኔ ልጅ፣ ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አይደለም» እያሉት።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ከነቤተሰብዎ ይስጥዎ፣ እጅዎ ይባረክ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ስትሄዱ ክሪኩን እንዳለ ውሰዱ፣ ቤታችሁ አትበታትኑት፤ ግራሶውንም አትጠቡት፣ እሱን ማየት ይፈልጋሉ። የተጎታቹን ፊት በሚዛን መዝናችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ እሳቸውን ከመንገድ ታድኗቸዋላችሁ።